የወፍ ጉንፋንና የውኃ ወፎቻችን

በ1998 ዓ.ም. አጋማሽ በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኘው የዶሮ ማባዣ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ማለቃቸው ሲሰማ ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወቅቱ ናይጄሪያና ግብጽ የወፍ ጉንፋን ወይም በተለምዶ «በርድ ፍሉ» የተባለው በሽታ መግባቱን በተከታታይ ያስታወቁበት የየካቲት ወር ማግሥት ነበር። ከጉብሬ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር የተፈራው ቫይረስ አልተገኘበትም። ይሁን እንጂ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ዶሮና እንቁላል የሚገዛ ጠፍቶ፣ ዋጋቸውም ወርዶ፣ ብዙ አርቢዎች ከስረው ነበር። ሱዳን በዚያው ዓመት በሚያዝያ፣ ጂቡቲ ደግሞ በግንቦት በሽታው በግዛታቸው መገኘቱን አረጋገጡ። አደጋው አጠገባችን ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን የሁሉም ሰው ጥያቄ «ወፎቹ ምን ያመጡብን ይሆን?» የሚል ነበር። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ገልብጠን፣ በሽታው በራሳቸው በዱር የውኃ ወፎች ላይ ምን እንደሚያደርስ ለመመርመር እንሞክራለን። የፊዚክስ መምህር በእንስሳት ሐኪም ሥራ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ከጉዳዩ ግማሽ ያህሉ የሙቀት፣ የጊዜ፣ የርቀትና የጥግግት ስሌት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

የቆየው ስምምነት

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ የሚሊሜትር አሥር ሺኛ ያህል ስፋት ያለው፣ የዘረመል መረጃውን በስምንት የተለያዩ የአርኤንኤ ቁራጮች ይዞ የሚዞር ጥቃቅን አካል ነው። በገጽታው ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ተተክለዋል። አንደኛው ሄማግሉቲኒን ሲባል ወደ ሕዋስ መግቢያ ቁልፉ ነው፤ ሁለተኛው ኒውራሚኒዴዝ አዲስ የተመረቱት ቫይረሶች ከሕዋሱ ተላቅቀው እንዲወጡ ያደርጋል። ኤች5ኤን1 የሚለው ስያሜ የነዚህን የሁለቱን ዓይነት ቁጥር ይገልጻል። በወፎች ዘንድ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቁት 16 የኤች እና 9 የኤን ዓይነቶች ናቸው፤ እነዚህም ከሞላ ጎደል ሁሉም በዳክዬዎች፣ በዝይዎችና በባሕር ዳርቻ ወፎች ላይ ተገኝተዋል። የውኃ ወፍ የዚህ ቫይረስ ጥንታዊ ቤት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ያለው ኑሮ ለብዙ ዘመናት ሰላማዊ ሆኖ ቆይቷል። ቫይረሱ በዳክዬዋ አንጀት ሽፋን ላይ ይራባል፤ በኩሷ አማካይነት ወደ ውኃው ይገባል፤ ሌላዋ ዳክዬ ውኃውን ስትጠጣ ትወስደዋለች። ዳክዬዋ አትታመምም፤ ብትታመምም በቀላሉ ይሻላታል። ሰላሙ የሚጠበቀው በአንዲት ትንሽ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ሄማግሉቲኒን ሥራውን ለመሥራት በወፏ ኢንዛይም ለሁለት መቆረጥ አለበት። በለዘብተኛው ቫይረስ መቁረጥ የሚችሉት እንደ ትሪፕሲን ያሉ፣ በአንጀትና በመተንፈሻ አካላት ብቻ የሚገኙ ኢንዛይሞች ናቸው። ስለዚህ ቫይረሱ ከእነዚያ አካላት ውጪ መራባት አይችልም።

የኤች5 ወይም የኤች7 ዓይነት ቫይረስ ወደ ዶሮ ተሻግሮ በሺዎች በታጨቁበት ግቢ ሲዘዋወር ግን በመቁረጫው ቦታ ላይ ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች ሊገቡበት ይችላሉ። ያን ጊዜ ፊዩሪን የተባለው፣ በመላ ሰውነት ውስጥ የሚገኘው ኢንዛይም መቁረጫ ይሆንለታል። አንጎል፣ ልብ፣ ጉበት፣ ጣፊያ ሁሉ በሩ ይከፈታል። በዶሮ መንጋ ላይ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚታየው እልቂት ምንጩ ይህ ነው። አርሶ አደሩ ከዘመናት ጀምሮ ፈንግል እያለ የሚጠራው በሽታ ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው ቢሆንም በምልክቱ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በዓይን ብቻ አይቶ «ይህ ፈንግል ነው፣ ያ የወፍ ጉንፋን ነው» ማለት አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስምምነቱ የፈረሰባቸው ዓመታት

ገዳዩ ዓይነት በዱር ወፎች ላይ እልቂት ሲያደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እዚሁ በአህጉራችን፣ በደቡብ አፍሪካ በ1961 ነው፤ ተርን የሚባሉ የባሕር ወፎች ከሺህ በላይ ሞቱ። ይህ ክስተት ግን ተመልሶ ስላልመጣ እንደ ልዩ አጋጣሚ ተቆጥሮ ታለፈ።

ዛሬ የምናውቀው የቫይረስ ዘር የተገኘው በ1996 በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ግዛት፣ በአንድ የዝይ እርባታ ውስጥ ነው። በተከታዩ ዓመት በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን አሞ 6ቱን ገደለ። የከተማይቱ መንግሥት ዶሮዎቹን በሙሉ በማስወገድ ለጊዜው ቢገታውም ዘሩ በአካባቢው ቀጠለ። ትልቁ ለውጥ የታየው በ2005 የጸደይ ወራት በምዕራብ ቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ ነው። በዚያ ከ6,000 በላይ የዱር ወፎች ሞቱ። ከነዚህ መካከል የሂማላያን ተራሮች አቋርጦ በመብረር የሚታወቀው፣ ራሱ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት ዝይ ይገኝበታል፤ ከዚህ ዝርያ በዓለም ላይ ካለው ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በአንድ ወቅት እንዳለቀ ተገምቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ገዳዩን ቫይረስ ያበቀለው እርባታው ነው። የዱር ወፎች ለዘብተኛውን ሰጡ፤ ገዳዩን መልሰው ተቀበሉ። በ1998 ዓ.ም. ድንጋጤ ጊዜ ወፎቹን ከየሐይቁ ማባረር ይገባል የሚል ሐሳብ በየሻይ ቤቱ ሲሰነዘር እንሰማ ነበር። ሐሳቡ ከፍትሕም ከሳይንስም የራቀ ነበር ብለን እናምናለን፤ የተባረረ መንጋ ቫይረሱን ይዞ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄድ በቀር ሌላ ነገር አያደርግም።

የታመመች ወፍ

በሽታው ሁሉንም ወፍ እኩል አይጎዳም። በአውሮፓ በ2006 ክረምት በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በረዶ ላይ ወድቀው የተገኙት በአብዛኛው ስዋን የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድ የተደረገ የላቦራቶሪ ሙከራ፣ ጠልቀው የሚመገቡ አንዳንድ ዳክዬዎች በጽኑ ሲታመሙ፣ አረንጓዴ ራስ ያለው የተለመደው የአውሮፓ ዳክዬ ግን አንዳች የሕመም ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን በብዛት እንደሚያስወጣ አሳየ። በእስያ በቤት ዳክዬዎች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም ጤነኛ የምትመስል ዳክዬ እስከ 17 ቀን ቫይረስ ልታስወጣ እንደምትችል አመለከተ።

በታመሙት ላይ ጉዳቱ በዋነኛነት የአንጎል ነው። ወፏ ሚዛኗን ትስታለች፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ራሷ ይንቀጠቀጣል፤ በውኃው ላይ በአንድ ቦታ ክብ እየሠራች ትዋኛለች። የዓይኗ ብሌን ሊደበዝዝ ይችላል። ሰው ሲቀርባት አትሸሽም። ይህን መልክ የያዘች የዱር ወፍ «ገራም ሆናለች» ተብላ የምትያዝ አይደለችም፤ በተለይ ልጆች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ከ2020 ወዲህ የተስፋፋው የቫይረሱ ቅርንጫፍ የጉዳቱን መጠን ወደ ሌላ ደረጃ አሸጋግሮታል። በ2021 መጀመሪያ በሴኔጋል ጁጅ የወፎች ፓርክ 750 ነጭ ፔሊካኖች ሞቱ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ከ20 ሺህ በላይ ኮርሞራንቶች አለቁ። ከስቫልባርድ ደሴቶች ወደ ስኮትላንድ ለክረምት ከሚወርዱት ዝይዎች በ2021 እና በ2022 መካከል ሲሶው ያህል፣ ማለትም ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ጠፉ። በ2022 በግሪክ ፕሬስፓ ሐይቅ የፔሊካን መንጋ ተመታ። በ2024 ቫይረሱ አንታርክቲካ ምድር ላይ ተገኘ። ነጩ ፔሊካን በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እንቁላሉን የሚጥለው ያው ዝርያ ነው። የጁጅን ዜና ለእኛ የሩቅ አገር ዜና ሆኖ እንዳይታይ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ውኃ፣ ሙቀትና ጊዜ

ቫይረሱ ከወፏ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ያህል ይቆያል? እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው ሕግ ይመጣል። ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በእኩል ጊዜ ውስጥ እኩል ድርሻውን እንደሚያጣ ሁሉ፣ ውኃ ውስጥ ያለ ቫይረስም በግምት በተመሳሳይ መንገድ ይቀንሳል። ስለዚህ «ግማሽ ዕድሜ» ልንሰጠው እንችላለን።

በ1990 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ ሚሊዮን የመበከያ መጠን ያለው ቫይረስ በ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 207 ቀን፣ በ28 ዲግሪ ደግሞ እስከ 102 ቀን ሊቆይ እንደሚችል አስልቷል። ከሚሊዮን ወደ አንድ መውረድ ማለት ስድስት ጊዜ በአሥር መካፈል ነው። 207ን ለስድስት ብናካፍል፣ በ17 ዲግሪ ቫይረሱ ወደ አንድ አሥረኛው ለመውረድ 34 ቀን ተኩል ይፈጅበታል። ይህን በሁለት ሎጋሪዝም፣ በ0.301፣ ስናባዛው ግማሽ ዕድሜው ወደ 10 ቀን ይሆናል። ለ28 ዲግሪ ተመሳሳዩን ስሌት ብንሠራ 5 ቀን እናገኛለን። ሙቀቱ 11 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ተቆረጠ፤ ይህም ኬሚስቶች «ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲጨምር የለውጡ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል» ከሚሉት ግምታዊ ሕግ ጋር በሚገርም ሁኔታ ይስማማል። እውነተኛ ሐይቅ ግን የተጣራ ውኃ አይደለም። ረቂቅ ሕዋሳት፣ ጨውና የፀሐይ ብርሃን ዕድሜውን ያሳጥሩታል። ቀደም ሲል በ1978 የታተመ ሥራ ቫይረሱ በ22 ዲግሪ ቢያንስ 4 ቀን፣ በዜሮ ዲግሪ ከ30 ቀን በላይ እንደሚቆይ መዝግቧል።

ከጦር ኃይሎች ብዙም ሳይርቅ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘውን የገፈርሳን ግድብ ብንወስድ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቀዝቃዛና ጨው አልባ ውኃ ነው። ለቫይረሱ የሚመቸው ቀዝቃዛ፣ ጨዉ አነስተኛ የሆነና ፒኤቹ ከ7.4 እስከ 8.2 ገደማ የሆነ ውኃ መሆኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። በአንጻሩ የአቢያታና የሻላ ሐይቆች ጨዋማና ከፍተኛ አልካላይ ስለሆኑ ለወፍ ማዕድ፣ ለቫይረሱ ግን የማይመች ስፍራ ናቸው። ስለዚህ የውኃውን ጠባይ ብቻ ብናይ፣ ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ይልቅ የደጋ ግድቦቻችንና ረግረጎቻችን የበለጠ ክትትል ያስፈልጋቸዋል ብለን እናምናለን።

በዚሁ ስለ ሙቀት ካነሣን፣ በየቤቱ ለሚነሣ አንድ ስጋት መልስ እንስጥ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቫይረሱን ለመግደል ሥጋው ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ መድረሱ ይበቃል። ለሰዓታት የተንተከተከ ዶሮ ወጥ ከዚህ በላይ ዋስትና አያስፈልገውም። አደጋ የሚኖረው ወጡ ከመሠራቱ በፊት ነው፤ በማረድ፣ በመንጨትና በመገነጣጠል ጊዜ። ይህ ሥራ በአብዛኛው በእናቶችና በእህቶች እጅ የሚከናወን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከ2003 ጀምሮ በዓለም ላይ በኤች5ኤን1 መያዛቸው ከተረጋገጠው ከ900 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል።

መንገደኞቹ

የወፎች ጉዞ የሚታወቀው በጀርባቸው ላይ በሚታሰር አነስተኛ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። መሣሪያው በ401.65 ሜጋሄርዝ ምልክት ይልካል። በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚጓዝ ሳተላይት ሲቀርብ የሚሰማው ድግግሞሽ ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ይላል፤ አምቡላንስ በአጠገባችን ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። ልዩነቱ ቢበዛ 10 ሺህ ሄርዝ ገደማ ነው፤ ከ400 ሚሊዮን ውስጥ። ከዚህች ጥቂት ልዩነት ተነሥቶ ወፏ ምድር ላይ የት እንዳለች ማስላት መቻሉ እኛን ሁልጊዜ ያስደንቀናል። የኋለኞቹ መሣሪያዎች ጂፒኤስ ስለሚጠቀሙ ስሌቱ ቀርቷል፤ ውበቱም አብሮ ቀርቷል።

በዚህ ዘዴ በ19 ዝርያ ሥር ያሉ 228 የውኃ ወፎችን የተከታተለ፣ በ2010 የታተመ ጥናት፣ አንድ የተበከለ ወፍ ቫይረሱን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያደርስ የሚችለው በዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ወፎች አብዛኛውን ዓመት በአንድ አካባቢ ስለሚቆዩ፣ በጉዞ ላይ ሳሉ መበከልና ያለ ሕመም መብረር አንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው። አደጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዜሮ አይደለም። የወፎቹ ቁጥር በሚሊዮን ሲቆጠር ደግሞ ትንሽ ዕድል ብዙ ጊዜ ትደርሳለች።

አንድ ምሳሌ ወደ አገራችን ያቀርበናል። በታኅሣሥ 2021 በእስራኤል ሁላ ሸለቆ ከ8,000 በላይ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በኤች5ኤን1 ሞቱ። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ከሚወርዱት ከነዚሁ ክሬኖች ከፊሉ ጉዞውን ቀጥሎ ኢትዮጵያ ይገባል፤ በጣና ዙሪያ፣ በአቃቂና በቢሾፍቱ አካባቢ ከጥቅምት እስከ የካቲት ማሳ ላይ ሲለቅሙ የሚታዩት እነዚሁ ናቸው። ከሁላ እስከ ጣና በአየር ላይ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚበር ወፍ 46 ሰዓት፣ ከነዕረፍቱ የጥቂት ቀናት መንገድ።

በሁላ እልቂቱ ለምን ያን ያህል ከፋ? በዚያ ክሬኖቹ የገበሬውን ማሳ እንዳያጠፉ በአንድ ቦታ በቆሎ ይበተንላቸው ስለነበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በአንድ ስፍራ ይሰበሰቡ ነበር። በጋዝ ውስጥ ሞለኪውሎች የሚጋጩበት መጠን ከጥግግታቸው ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ጥግግቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግጭቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ወፎች ሞለኪውል አይደሉም፤ ሆኖም ይህ ግምት ለመነሻ ያህል ይረዳል። አቢያታ ከቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውኃ ቀንሶበት ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ የቢሾፍቱው ጨለለቃም ጠቧል። ሐይቅ ሲጠብ ወፎቹ አይቀንሱም፤ ይጠጋጋሉ።

በእኛው ደጃፍ

ከእስያና ከግብጽ የሚለየን አንድ ነገር አለ። በእነዚያ አገሮች የቤት ዳክዬና ዝይ ከዶሮ ጋር አብረው ይረባሉ፤ ከዱር ወፍ ወደ ዶሮ ድልድይ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። በአገራችን የውኃ ወፍ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ አይበላም፣ አይረባምም። ይህ ልማድ ሳይታሰብ ጥሩ መከላከያ ሆኖልናል። በሌላ በኩል ግን አብዛኛው ዶሮ በየጓሮው እንደ ልቡ የሚዞር ነው። የአገሪቱ ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች የተሰባሰቡባት ቢሾፍቱም የሐይቆችና የስደተኛ ወፎች ከተማ ናት።

ጊዜውም ይገጣጠማል። ስደተኞቹ ዳክዬዎች በብዛት በሚኖሩበት ወቅት መካከል የነቢያት ጾም ይፈታል። በገና ዋዜማ በጦር ኃይሎች አደባባይ ዙሪያ እግራቸው ታስሮ፣ ራሳቸው ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚሸጡት ዶሮዎች ከየት ከየት ተለቃቅመው እንደመጡ ሻጩም አያውቅም። ከአንድ አውቶቡስ ጣሪያ ወርደው በአንድ ኮርቻ ላይ ይቀላቀላሉ። የታረዱት ላባና ደም ደግሞ በየቦዩ አድርጎ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂ የምዕራብ አዲስ አበባን ፍሳሽ ሰብስቦ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ አባ ሳሙኤል ደግሞ የከተማዋ አካባቢ ዋነኛ የውኃ ወፎች መሰብሰቢያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈራው ከሐይቅ ወደ ጓሮ የሚመጣው ቫይረስ ነው። በእኛ ከተማ ከጓሮ ወደ ሐይቅ የሚሄደው መንገድ አጭርና ቁልቁለት ነው።

በዚህ መንገድ ጫፍ ላይ ማን አለ? በገፈርሳ ሣር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚግጠው፣ አንገቱን ወደ ጀርባው ጎንበስ አድርጎ የሚያርፈው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በየትም ዓለም የማይገኝ ወፍ ነው። ቁጥሩ በሺዎች ብቻ ይገመታል። የስቫልባርድ ዝይዎች ሲሷቸውን አጥተው ገና ከ20 ሺህ በላይ ቀርተዋል። የእኛው ዝይ ተመሳሳይ መዓት ቢደርስበት የሚተካው ሌላ መንጋ የለም።

መዓቱ ቢደርስ እንኳ ማየታችን አጠያያቂ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የሞተ ዝይ ዳርቻ ላይ ወድቆ ይቆያል፤ ይቆጠራል። እዚህ ጅብ፣ አባ ኮዳ፣ ቁራና ጥንብ አንሳ በአንድ ሌሊት ያጸዱታል፤ እነሱም ሊበከሉ ይችላሉ፤ በ2006 በቡርኪና ፋሶ ቫይረሱ በጥንብ አንሳዎች ላይ ተገኝቷል። ሬሳ በማይገኝበት አገር እልቂትን ማወቂያው መንገድ ሕያዋኑን መቁጠር ነው። በየዓመቱ በጥር ወር በመላው አፍሪካ የሚካሄደው የውኃ ወፎች ቆጠራ፣ በአገራችንም በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሚሳተፍበት፣ ከወፍ ወዳድነት ያለፈ ጥቅም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ማለዳ አጉሊ መነጽር ይዘው ወደ ገፈርሳ ወይም ወደ አባ ሳሙኤል ቢወጡ፣ የተቆጠረው ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ለሚነሣው ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

በአንድ ቦታ ሦስትና ከዚያ በላይ የሞቱ ወይም የሚንገዳገዱ የውኃ ወፎች ያየ ሰው በእጁ ሳይነካ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የወፎቹን ብዛት ይዞ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስታውቅ። ባለሙያው ከጉሮሮና ከእዳሪ መውጫ በጥጥ እንጨት ናሙና ወስዶ በበረዶ ሳጥን ወደ ሰበታው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይልካል። የሞተው ወፍ ከጠዋት ፀሐይ በፊት ቢገኝ ይመረጣል፤ ቫይረሱ በሙቀት እንደሚያልቅ አይተናልና። ሰበታ ከጦር ኃይሎች በጅማ መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የዘረመል ምርመራው ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ተመልካች ዝምታ ነው።